ኮረሪማ ከሐረጎ በላይ፣ ኮረሪማ ከሐረጎ በታች
የጓሮ ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም ስለ ቡና ጥላ ስጽፍ ኮረሪማን በአንድ መስመር ጠቅሼ አለፍኩ። ያቺ አንድ መስመር ይህን ሁሉ ደብዳቤ አመጣች። ከሐረጎ ዳገት በላይ ደሴም፣ ከዳገቱ በታች ኮምቦልቻም ጽፎልኛል፤ የሚበዛው ስለ ተከላ፣ የቀረው ስለ ድስትና ስለ ሆድ ነው። ስለዚህ የዛሬው ዓምድ በሙሉ የኮረሪማ ነው። የሎሚ ቅጠል የተጨማደደባቸው የሐይቅ አንባቢ እስከሚቀጥለው እትም ይታገሡኝ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ኮምቦልቻ፣ ከቦርከና ወንዝ ብዙ ሳይርቅ ጓሮ አለኝ። ጥቂት የቡና እግር፣ አንድ ትልቅ ዋንዛና ሙዝ አለበት። ከደሴ ሰኞ ገበያ አንድ ክር ኮረሪማ ገዝቼ ፍሬውን ፈልፍዬ ዘራሁት። ክረምቱን ሙሉ ጠበቅኩ፤ አንድም አልበቀለም። ጎረቤቶቼ «ኮረሪማ የወሎን መሬት አይወድም» ይሉኛል። እውነት ነው? (የቡና ጓሮ ባለቤት፣ ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ እህቴ፣ መሬቱን አይክሰሱት። በክር ተሰክቶ ገበያ የሚወጣ ኮረሪማ ለድስት እንጂ ለመደብ የተዘጋጀ አይደለም። ተለቅሞ፣ ተበስቶ፣ ፀሐይ ላይ ወይም ከምድጃ በላይ ጭስ ላይ ደርቆ፣ ከዚያ በጆንያ አገር አቋርጦ ነው እጅዎ የገባው። የኮረሪማ ዘር ደግሞ እንደ ባቄላና እንደ ስንዴ ደርቆ ጎተራ የሚከርም ዓይነት አይደለም። ገና ከእርጥብ ፍሬው እንደወጣ፣ የሸፈነው ነጭ ሥጋ በደንብ ታሽቶና ታጥቦ፣ ሳይውል ሳያድር ጥላ ባለው መደብ መዘራት አለበት። እንዲያም ሆኖ ለመብቀል ሳምንታት ያስጠብቃል፤ ትዕግሥት የሌለው ሰው መደቡን ቆፍሮ ጎመን ይዘራበታል።

እርስዎ ዘሩን ይተዉትና በቁራጭ ይትከሉት። ኮረሪማ የዝንጅብልና የእርድ ዘመድ ነው። ከላይ ቀጥ ብሎ የሚታየው ግንድ መሰል ነገር የቅጠሎቹ እግር ተደራርቦ የተጠቀለለ ነው፤ እውነተኛው ግንድ አፈር ውስጥ አግድም ይሄዳል፤ እየሄደም አዲስ ቡቃያ ያወጣል። ካረጀ ተክል ዳር ሁለት ሦስት ቡቃያ ያለበትን ቁራጭ ከነሥሩ ቆርጦ ማንሳት ነው። ረዘም ያለውን ቅጠል ወደ አንድ ስንዝር ያሳጥሩት፤ አለበለዚያ ሥሩ ሳይዝ ቅጠሉ ውሃውን ይጨርስበታል።

ቁራጩ ከየት ይገኛል? የኮረሪማ አገር ከፋ፣ ሸካ፣ ቤንች፣ ጅማ፣ ኢሉባቦር፣ ወደ ደቡብም የኦሞ አሪ ነው። የቅመማ ቅመም ምርምር ማዕከል ያለው ቴፒ ነው፤ በወረዳዎ ግብርና ጽሕፈት ቤት በኩል ይጠይቁ። ሌላም መንገድ አለ። በ1977ቱ ድርቅ ከወሎ ተነሥቶ ኢሉባቦርና ከፋ የሠፈረ ዘመድ የሌለው ቤተሰብ በእኛ አካባቢ ጥቂት ነው። ለዓመት በዓል ሲመጡ ቡና ብቻ አምጡልን ከማለት አንድ ሁለት የኮረሪማ ቁራጭ ማስመጣት ነው። ሥሩን በእርጥብ ጆንያ፣ ጆንያውን በኮባ ቅጠል ጠቅልለው ከያዙት የሁለት ቀን የአውቶቡስ መንገድ ይችላል። የሚመጣው ግን ዝንጅብል ከጠወለገበት ጓሮ አለመሆኑን ይጠይቁ። በ2004 ዓ.ም. አካባቢ የደቡብ ምዕራቡን ዝንጅብል የጨረሰው አጠውልግ ባክቴሪያ በአፈርና በቁራጭ የሚጓዝ ነው፤ የአንድ ቤተሰብ ተክል ስለሆነ ጥንቃቄው አይጎዳም።

ወደ ጎረቤቶችዎ አባባል እንመለስ። ኮረሪማ በተፈጥሮው የሚገኘው ከባሕር ወለል በላይ ከ1,350 እስከ 2,000 ሜትር ባለው ደን ውስጥ ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከፍታው ይስማማል፤ ሙቀቱም ይስማማል። የማይስማማው ዝናቡ ነው። ኮረሪማ በዓመት ከ1,300 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ የለመደ፣ ያውም ወራቱን ተከፋፍሎ የሚዘንብለት ተክል ነው። ኮምቦልቻ የሚዘንበው 1,000 ገደማ ነው፤ እርሱም አብዛኛው ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይወርድና ያበቃል። በልግ ከመጣ መጣ፣ ከቀረ ቀረ።

የጎደለው 300 ሚሊ ሜትር ወደ ጀሪካን ሲመነዘር እንዲህ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው። ኮረሪማ በየአቅጣጫው ሁለት ሜትር ተራርቆ ስለሚተከል፣ አንዱ እግር አራት ካሬ ሜትር ይይዛል። ስለዚህ ለአንድ እግር 1,200 ሊትር ይጎድላል ማለት ነው። ይህን ዝናብ በሌለባቸው ሠላሳ ሳምንታት ቢያካፍሉት በሳምንት 40 ሊትር፣ ባለ ሃያው ጀሪካን ሁለት ይደርሳል። ለአምስት እግር አሥር ጀሪካን። ውሃ ልማቱ ከጓሮዎ ከደረሰ ቀላል ነው፤ በትከሻ የሚቀዱ ከሆነ ግን ሁለት እግር ይበቃዎታል፤ ከዚያ በላይ ተክለው በታኅሣሥ ውስጥ ሲደርቅ ከማየት ሁለቱን አጥግቦ ማጠጣት ይሻላል።

ጥላ ከውሃ ቀጥሎ ሳይሆን ከውሃ እኩል ነው። በአገሩ የሚበቅለው ከትልልቅ ዛፍ ሥር ነው፤ ሰሳ፣ ብርብራ፣ ቢሳና፣ ዋንዛ። የእርስዎ ዋንዛ ስላለ ግማሹ ሥራ ተሠርቷል። ነገር ግን ዋንዛ በበጋ ቅጠሉን ያራግፋል፤ ፀሐይዋ ደግሞ የምትብሰው ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ ቁራጩን ከዋንዛው ሥር ብቻ ሳይሆን ሙዙ የከሰዓቱን ፀሐይ በሚጋርድበት ጎን ይትከሉት። የረገፈውን ቅጠል ጠርገው እንዳያቃጥሉብኝ! እንዳለ በኮረሪማው ዙሪያ ይከምሩት፤ እርጥበቱን ይይዛል፣ ይበሰብሳል፣ ምግብ ይሆናል። ከመጠን ያለፈ ጨለማም አይወድም፤ ቅጠሉ ይንዠረገጋል፣ ፍሬ ግን ይነፍጋል። ከሥሩ ቆመው ወደ ላይ ሲያዩ ሰማይ እዚህም እዚያም ብልጭ ብልጭ ካለ ጥላው በቂ ነው።

ተከላው በሰኔ መጨረሻ፣ ዝናቡ መውረድ እንደጀመረ ነው። ጉድጓዱን በቡና ገለባና በበሰበሰ ፍግ ይሙሉት፤ ቁራጩ ከአራት ጣት ውፍረት በላይ አይቀበር። ውሃ የሚተኛበት ቦታ ከሆነ ደግሞ መደቡን ከፍ ያድርጉት፤ ያለዚያ ይበሰብሳል።

አንድ ነገር ብዙ ሰው አያውቅም። የኮረሪማን አበባ ለማየት መንበርከክ ያስፈልጋል። ተክሉ ከሰው ቁመት ቢያልፍም አበባው ከላይ ከቅጠሎቹ መካከል አይወጣም፤ ከሥር፣ አፈሩንና የረገፈውን ቅጠል ገፍቶ፣ በአጭር እግር ብቅ ይላል። ነጭ ሆኖ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ፣ እርጥብ ወረቀት የመሰለ ስስ አበባ ነው፤ ጣት ከነካው ይበላሻል። ፍሬውም እዚያው መሬት ላይ ያድራል፤ መጀመሪያ አረንጓዴ፣ ሲበስል ደማቅ ቀይ። ስለዚህ በተክሉ ዙሪያ ዶማ አይግባ፤ አረሙን በእጅ ይንቀሉት። ዶሮ ካለዎት ደግሞ ከኮረሪማው በፊት አጥሩን ይሥሩ። የጎረቤቴ ዶሮዎች በአንድ ጠዋት የዓመቱን አበባ ጭረው ሲጨርሱት አይቻለሁ፤ ጎረቤቴ ሳቁ፣ እኔ አልሳቅሁም።

ፍሬ የሚጠብቁት በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት ነው። ሲቀላ በቢላ ከእግሩ ይቁረጡት፤ ሲነቅሉት ሥሩን አብሮ ያነሣዋል። አንዱን ለራስዎ እርጥቡን ይክፈቱ፤ ዘሩን የከበበው ነጭ ሥጋ ጎምዘዝ ጣፈጥ ይላል። ልጆች አንዴ ከቀመሱት ግን ለማድረቅ የሚተርፍ አይኖርም።

ጥያቄ፦ ደሴ ሆጤ አካባቢ በኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። በረንዳዬ ላይ በባልዲ ኮረሪማ ብተክል ፍሬ ይሰጠኛል? (የበረንዳ አትክልተኛ)

መልስ፦ አይሰጥዎትም። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ብቻ ብትርቅም ሐረጎን የወጣ ሰው ሹራቡን የሚፈልገው በከንቱ አይደለም፤ የከፍታው ልዩነት ብቻውን አራት ዲግሪ ያህል ሙቀት ይቀንሳል። ከጦሳ ተራራ የሚወርደው የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ደግሞ በአንድ ሌሊት ቅጠሉን ያጠቁረዋል። ቤት ውስጥ መስኮት አጠገብ ቢያኖሩት ቅጠል ያወጣል፤ ሲያሹት ደስ የሚል ሽታም አለው፤ ከዚያ አያልፍም። በረንዳው ላይ ጤና አዳም ይትከሉ። የደሴን ብርድ ይችላል፣ ለቡናውም ይደርሳል።

ጥያቄ፦ ደሴ ፒያሳ አነስተኛ ምግብ ቤት አለኝ። ለክትፎና ለንጥር ቅቤ ኮረሪማ በብዛት እገዛለሁ። አንዳንዱ ሲሸት ቤቱን ይሞላል፤ አንዳንዱ ግን ጭስ ጭስ ይላል እንጂ ሌላ ነገር የለውም። ነጋዴዋን ስጠይቃት «ሁሉም አንድ ነው» ትለኛለች። እንዴት ልለይ? (ባለ ምግብ ቤት)

መልስ፦ ሁሉም አንድ አይደለም፤ ነጋዴዋም ይህን ሳታውቀው አትቀርም። ከክሩ ላይ ሦስት ፍሬ ይምረጡ፤ ከላይ፣ ከመካከል፣ ከታች። ከላይኛው ብቻ እንዳይወስዱ፤ የክር ጫፍ ሁልጊዜ ያማረው ነው። መጀመሪያ በመዳፍዎ ይመዝኑት። ክብደት የሌለውና ሲጨብጡት ወዲያው የሚሟሽሽ ከሆነ ባዶ ነው ማለት ነው። ከዚያ በጥፍርዎ ቅርፊቱን በረጅሙ ይሰንጥቁት። ውስጡ በስስ ሽፋን የተከፈለ ሦስት ክፍል አለው፤ በየክፍሉ ዘሮቹ ተጣብቀው አንድ ጉብታ ይሠራሉ። ጥሩ ከሆነ ዘሩ ጠቆር ያለ ቡናማ፣ የሚያብለጨልጭ፣ ሞላ ያለ ነው፤ ጉብታውም ለመበተን ትንሽ ያስቸግራል። አንዱን ዘር በፊት ጥርስዎ ይስበሩት። መጀመሪያ ሞቅ ይላል፤ ትንፋሽ ሲስቡ ግን አፍዎ ውስጥ ቅዝቅዝ ይላል። ያ ቅዝቃዜ የመጣው ሲኒዮል ከሚባል ዘይት ነው፤ የባሕር ዛፍ ቅጠልም ሽታውን የሚያገኘው በአብዛኛው ከእርሱ ነው። ቅዝቃዜው ከሌለ ኮረሪማው አብቅቶለታል።

ዘሩ ገርጣ ብሎ የተጨማደደ ከሆነ ሳይበስል የተለቀመ ነው። በጫካው ብዙ ለቃሚ አለ፤ እኔ ካልወሰድኩት ሌላ ይወስደዋል እያለ አረንጓዴውን የሚሰበስብ አይጠፋም። ሲደርቅ ቅርፊቱ ከበሰለው ጋር ስለሚመሳሰል ክር ላይ ሲያዩት አይለይም፤ ሲሰነጥቁት ግን ወዲያው ያስታውቃል። ጭስ ጭስ የሚለው ደግሞ ከምድጃ በላይ ተሰቅሎ የደረቀው ነው። በዝናባማ አገር ፀሐይ ስለማይገኝ ነው እንጂ ጭሱ በራሱ ጉድለት አይደለም፤ እንዲያውም ለበርበሬ የሚመርጡት አሉ። ለንጥር ቅቤ ግን እኔ ፀሐይ ላይ የደረቀውን እገዛለሁ፤ ቅቤ ሽታ አይደብቅም። በውስጡ ነጭ ብናኝ የመሰለ ሻጋታ ካዩ፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢቀንስ ይመልሱት።

የተፈጨ ኮረሪማ ከገበያ አይግዙ። ምን እንደተፈጨ የሚያውቀው ወፍጮው ብቻ ነው። ቅርፊቱ ከነዘሩ ተፈጭቶ ኪሎ ይሞላል፤ ሽታ ግን የለውም። ከነቅርፊቱ አየር በማያስገባ ማሰሮ ያስቀምጡት፤ የሚፈለፍሉት በሚፈልጉበት ቀን ይሁን። ሲያምሱትም እሳቱ ቀዝቀዝ ይበል። ቤቱን ሽታ ሲሞላው ደስ ይላል፤ ቤቱን የሞላው ግን ከወጡ የጎደለው ነው። ለአንድ ኪሎ ቅቤ የሁለት ሦስት ፍሬ ዘር ወቀጥ አድርጎ መጨመር ይበቃል። ለክትፎው ሚጥሚጣ በተለይ እጅዎን አይክፈቱ፤ ኮረሪማ ሲበዛ መድኃኒት መድኃኒት ይላል፣ ቅርንፉዱንም ሥጋውንም ይሸፍናል።

ጥያቄ፦ አሰላሙ አለይኩም። በረመዳን ለሻይ ሄል ሲያልቅብኝ ባለቤቴ ኮረሪማ ጨምሪበት ይለኛል፤ «ሄልና ኮረሪማ አንድ ናቸው፣ ስሙ ነው የተለየው» ይላል። ማን ትክክል ነው? (ከደሴ ሸዋበር)

መልስ፦ ወአለይኩም ሰላም። ለባለቤትዎ ግማሽ ነጥብ እሰጣለሁ። ሁለቱም ከዝንጅብል ቤተሰብ ናቸው፤ ድሮ የዓረብ ነጋዴዎችም ኮረሪማን የሐበሻ ሄል ይሉት ነበር። ተክሎቹ ግን የተለያዩ ናቸው። ሄል የደቡብ ሕንድ ተራሮች ተወላጅ ነው፤ ዛሬ በብዛት የሚያመርተው ደግሞ ጓቲማላ ነው። ፍሬው ትንሽ፣ አረንጓዴ፣ ሽታው ጣፋጭነት ያለው ነው። ኮረሪማ የእኛው ደን ልጅ ነው፤ ፍሬው ትልቅ፣ ሽታው ጠንከር ያለ። ለሻይ ሄሉን ይምረጡ። ከጠፋ ለአንድ ማንቆርቆሪያ ሦስት አራት የኮረሪማ ዘር፣ ሙሉ ፍሬ ሳይሆን ዘር፣ ሳይወቅጡ ጣል ያድርጉ። ከቀረፋ ጋር ይስማማል። ለቡና ግን ባለቤትዎ ያሉትን ይስሙ፤ ኮረሪማ ከቡና ጋር በአንድ ጥላ ሥር የሚያድግ ተክል ነው፤ በሲኒም ውስጥ አይጣሉም።

ጥያቄ፦ የልጄ ልጅ ከተወለደ አንድ ወሩ ነው። ሆዱን ሲነፋው ኮረሪማ አፍልቼ በማንኪያ ልስጠው ብል ምራቴ እምቢ አለችኝ። እኛ ያደግነው በዚህ አይደለም እንዴ? (አያት፣ ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ እማማ፣ ምራትዎ ልክ ናት። ለአዋቂ ሰው ሆድ መነፋት ኮረሪማ የቆየ የቤት መድኃኒት ነው፤ እርስዎ ራስዎ ከምሳ በኋላ ቢጠጡት ምንም አልልም። ሕፃን ግን እስከ ስድስት ወሩ ከእናት ጡት በስተቀር ውሃም ቢሆን አይሰጠውም። ከጠባ በኋላ ትከሻዎ ላይ ቀጥ አድርገው ይያዙት፣ ጀርባውን መታ መታ ያድርጉለት። ማልቀሱ ካልቆመ፣ ካስመለሰው ወይም ካተኮሰው ጤና ጣቢያ ይውሰዱት።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ቃሉ ወረዳ ግማሽ ሄክታር የአባቴ መሬት አለ። የጉድጓድ ውሃ አለን። ኮረሪማ ውድ ነው ሲባል ሰምቼ ሙሉውን ልተክለው አስቤአለሁ። ምን ትመክረኛለህ? (ወጣት ገበሬ)

መልስ፦ ልጄ፣ ከማሰብህ በፊት አባዛ። ግማሽ ሄክታር 5,000 ካሬ ሜትር ነው። በሁለት በሁለት ሜትር 1,250 እግር ይወጣዋል። ለኮምቦልቻዋ እህታችን በነገርኳት ሒሳብ ለእያንዳንዱ በሳምንት 40 ሊትር ብትሰጥ፣ በየሳምንቱ 50,000 ሊትር ትቀዳለህ። እርሱንም እስከ ሦስተኛው ዓመት ድረስ አንዲት ፍሬ ሳትሸጥ። ጉድጓድህ ይህን ቢችል እንኳ የጄኔሬተሩን ነዳጅ ማን ይከፍላል?

ከማን ጋር እንደምትወዳደርም እወቅ። የከፋ ገበሬ ኮረሪማውን የሚያጠጣው ሰማዩ ነው፤ የሚያጠላለትም ያልተከለው ዛፍ ነው። የከፋና የያዩ ደኖች በ2010፣ የሸካው በ2012 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታነት የተመዘገቡ ናቸው፤ እዚያ ያለው ሰው ደኑን ሳይቆርጥ ገንዘብ ከሚያገኝባቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ኮረሪማ ነው። አንተ በነዳጅ ያመረትከውን እርሱ በዝናብ ካመረተው ጋር ሰኞ ገበያ ላይ ጎን ለጎን ብታስቀምጡት ገዢዋ የምትጠይቀው ዋጋውን ብቻ ነው። የእርሱ ኮረሪማ ከቴፒ አዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር፣ ከዚያ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ነው የሚመጣው፤ የትራንስፖርቱ ወጪ ለአንተ ያደላል፤ የውሃውን ያህል ግን አያደላም።

እኔ በአንተ ቦታ ብሆን መሬቱን ለማሽላውና ለጤፉ እተወውና ጉድጓዱ አጠገብ ያለውን ጥግ እወስዳለሁ። መጀመሪያ ጥላ፤ ዋንዛ ወይም ሰሳ ይተከል፤ እስኪያድጉ ሙዙ ያጠላል። ከሥሩ ቡና። ኮረሪማው የሚገባው ጥላው ከደረሰ በኋላ ነው፤ ከሃያ እግር አይብለጥ። ሃያ እግር በሳምንት 800 ሊትር ነው፤ ይህ በሰው አቅም ይቻላል። ቡናው በየዓመቱ ገንዘብ ያመጣል፤ ኮረሪማው ለቤት ሆኖ የተረፈው ደሴ ላሉ ምግብ ቤቶች ይሸጣል፤ ጥሩ ኮረሪማ ያጡ ባለ ምግብ ቤት ደብዳቤ ከላይ አንብበሃል።

ከሁሉ በፊት ግን የጉድጓዱን ውሃ ለካ። በጥቅምት ሳይሆን በየካቲት መጨረሻ፣ በልግ ሳይጀምር። ድንጋይ ያሰርክበት ገመድ አውርደህ የረጠበውን ክፍል በሜትር ለካው፤ ጠዋት ቀድተህ ካጎደልከው በኋላ እስከ ማታ ስንት እንደሚመለስም እይ። ሁለቱን ቁጥር ላክልኝ፤ ስንት እግር እንደምትተክል ያኔ እነግርሃለሁ።